አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚተኛው ልጅ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሌሊት እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል። አንዳንዴ ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ደረቱ ግን ይታገላል። ከዚያ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየሩን ስቦ ይተነፍሳል። ሲተኛ ትራሱን ገፍቶ አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ቁጭ እንዳለ ተኝቶ ያገኘሁበትም ሌሊት አለ። በዚህ ብርድ ላብ በላብ ይሆናል። ሽንቱን መቆጣጠር ችሎ ነበር፣ አሁን ተመልሶ ያመልጠዋል። መምህሩ ክፍል ውስጥ ይቅበጠበጣል ይላሉ። ጎረቤቴ በጎኑ አስተኚው አለችኝ፤ እህቴ ሁለት ትራስ አድርጊለት ትላለች፤ አማቴ ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ነውና ይቆረጥ እያሉ ነው። የ4 ወር ሴት ልጅም አለችኝ፤ እሷንስ ከወዲሁ በጎኗ ላስለምዳት? የቱን ልስማ?»

መልስ፦ እህታችን፣ የጎረቤትዎ ምክር ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙ ግን ካሰቡት ያነሰ ሊሆን ይችላል። የእህትዎ ሁለት ትራስ ሊያብስበት ይችላል። የአማትዎን ደግሞ በአክብሮት እምቢ ይበሉ። ምክንያቱን አንድ በአንድ እንነግርዎታለን፤ በቅድሚያ ግን ስለ ሕፃኗ፣ ምክንያቱም የእሷ ጉዳይ ዛሬ ማታውኑ የሚደረግ ነው።

ሕፃኗን በጀርባዋ ያስተኟት። ቀንም ሌሊትም፣ ዓመት እስኪሞላት ድረስ። በጎን የተኛ ሕፃን በቀላሉ ወደ ሆዱ ይገለበጣል፤ በሆድ መተኛት ደግሞ ጤነኛ የነበረ ሕፃን በእንቅልፍ ላይ ሳለ ድንገት የሚሞትበትን አደጋ ይጨምራል። ብዙ እናቶች በጀርባ ማስተኛትን የሚፈሩት ወተቱ ተመልሶ ትን እንዳይላት ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ሕፃኗ በጀርባዋ ስትተኛ የአየር ቧንቧዋ ከላይ፣ የምግብ ቧንቧዋ ከሥር ይውላሉ፤ የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ዳገት መውጣት አለበት። በሆዷ ስትሆን ቦታቸው ይገለበጥና ወተቱ ቁልቁል ይወርዳል።

ትራስ ለእሷ ጨርሶ አያስፈልጋትም። የሕፃን ጭንቅላት ከገላው ጋር ሲመዛዘን ትልቅ ነው፤ የጭንቅላቱ የኋላ ጎን ራሱ ትራስ ሆኖ አንገቱን ትንሽ ያጎነብሰዋል። በዚያ ላይ ትራስ ሲጨመር አገጩ ደረቱ ላይ ይጣበቅና ትንፋሽ ይጠበዋል። የመንዝን ብርድ እናውቀዋለን፤ ከበግ ጸጉር የሚሠሩት ወፍራም ልብሶች፣ ዝተቱና ባናው፣ ያለ ምክንያት አልተሠሩም። ሆኖም የሕፃኗ ሙቀት ከተደራረበ ልብስ ይምጣ፤ ከላይ የሚደረበው ቀለል ያለ ይሁንና ከብብቷ አይለፍ። በእርስዎና በባለቤትዎ መካከል ከባድ ዝተት ሥር ገብታ መተኛት የለባትም። መኝታዋ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ክንድዎ በሚደርስበት ቦታ፣ ደልደል ባለ የራሷ ፍራሽ ላይ ይሁን። ራሷ ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ መገላበጥ ስትችል በጀርባዋ ያስተኙና ከተገለበጠች ይተዋት፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሱ መመለስ አይጠበቅብዎትም። ሲፈጠሩ አገጫቸው በጣም ትንሽ የሆነ ጥቂት ሕፃናት በሐኪም ትእዛዝና ክትትል በሆዳቸው የሚተኙበት ጊዜ አለ። እሱ ሐኪም ብቻ የሚወስነው ነው።

አሁን ወደ ልጁ። የጻፉልን ነገር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታል፤ በእንቅልፍ ላይ የአየር መንገድ እየተዘጋ ትንፋሽ መቋረጥ፣ ሐኪሞች የእንቅልፍ አፕኒያ የሚሉት። አፍንጫ የአጥንት ግድግዳ አለው። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቧንቧም በልም አጥንት ቀለበት የተያዘ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጉሮሮ ግን ሥጋ ብቻ ነው፤ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ጡንቻዎቹ ወጥረው ስለያዙት ነው። እንቅልፍ ሲመጣ ጡንቻው ይላላል፣ መንገዱ ይጠባል። የጠበበው መንገድ ሲርገበገብ ማንኮራፋት ይሆናል፤ ጨርሶ ሲዘጋ ያ የሚያስፈራዎት ጸጥታ ይመጣል።

ትልቅ ሰው ላይ መንገዱን የሚያጠበው በአብዛኛው ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ምላስና በአንገት ዙሪያ ያለው ስብ ነው። በጀርባ ሲንጋለሉ ምላስ በክብደቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ በጎን ሲዞሩ ይነሳል። «በጎንህ ተኛ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው። ልጅ ላይ፣ በተለይ ከ2 እስከ 8 ዓመት፣ ዋናው ጥፋተኛ ቶንሲልና አዴኖይድ ነው። ቶንሲል በጉሮሮ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁለቱ እጢዎች ናቸው፤ አዴኖይድ ደግሞ ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከላንቃ በላይ ተደብቆ ያለው ነው። በዚህ ዕድሜ ጉሮሮው ገና ጠባብ ሳለ እጢዎቹ ከመንገዱ አንጻር ትልቅ ይሆናሉ። በግራና በቀኝ የቆመ እብጠት ልጁ ስለዞረ ቦታውን አይለቅም። በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርስ በእርሳቸው የማይስማሙትም ለዚህ ነው፦ አንዳንዶቹ በጀርባ መተኛት እንደሚያብስ ሲያሳዩ፣ ሌሎቹ በትንንሽ ልጆች ላይ ልዩነት አላገኙም። ወፈር ያሉና በዕድሜ ከፍ ያሉ ልጆች ግን እንደ አዋቂዎቹ በጀርባ ሲተኙ ይብስባቸዋል።

አንገቱን ወደ ኋላ መጣሉ ራሱ ያገኘው መላ ነው። የውሃ ጎማ ሲታጠፍ ውሃው እንደሚቆም፣ ሲቃና እንደሚፈስ፣ ልጁም አንገቱን ሲያቀና የጉሮሮው ቧንቧ ይወጠርና ይከፈታል። ቁጭ ብሎ መተኛቱም ያው ነው። ስለዚህ ሌሊት ተነስተው «አንገቱ ይታመማል» ብለው አያስተካክሉት፤ ትራሱንም መልሰው አይክተቱለት። ሁለት ትራስ የሚያብሰውም ለዚሁ ነው፤ ጭንቅላቱ ብቻ ተነስቶ ትከሻው ፍራሹ ላይ ሲቀር አገጩ ወደ ደረቱ ይጎነበስና ጎማው ይታጠፋል። ከፍ ማድረግ ከፈለጉ ከወገቡ ጀምሮ ይሁን። አልጋ ከሆነ በራስጌ በኩል ያሉትን ሁለት እግሮች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የእንጨት ጉማጅ ላይ ያቁሙ፤ ጎንበስ ብለው ነቅነቅ አድርገው የማይንሸራተት መሆኑን ይፈትሹ። መደብ ከሆነ ብርድ ልብስ አጥፈው ከፍራሹ ሥር ያስገቡ፣ ከወገቡ ስስ ጀምሮ ወደ ራሱ እየወፈረ እንዲሄድ። ትራስ ካልተወ አንድ ብቻ፣ ተጭኖ ሦስት ጣት ያህል የሚቀር፤ በጎኑ ሲተኛ ጭንቅላቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይዘነበል ከጀርባ አጥንቱ ጋር ቀጥ ካለ ልኩ ነው።

በጎን መተኛት ለእርስዎ ልጅ ይጠቅም እንደሆነ ማወቅ የሚቻለው በመሞከር ነው። የሙከራው ሰዓት ግን ወሳኝ ነው። የልጅ የትንፋሽ መቋረጥ የሚበዛው ሕልም በሚታይበት እንቅልፍ ነው፤ ይህ እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋት ይረዝማል። ማታ 3 ሰዓት ላይ አዳምጠው «ደህና ነው» የሚሉ ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነሱ። አንድ ሌሊት እንዳገኙት፣ በሌላው በጎኑ አዙረው፣ በየተራ 10 ደቂቃ ያዳምጡና ስንት ጊዜ ጸጥ እንዳለ ይጻፉ። ወደ ጎን ሲያዞሩት ጋቢ ጠቅልለው ከጀርባው በኩል፣ ከትከሻው በታች ይደግፉት፤ ፊቱ አጠገብ ምንም ልብስ አይቅር። ማሰር፣ ከሸሚዙ ጀርባ ኳስ መስፋት የሚባለው የአዋቂ ዘዴ ለልጅ አይሆንም፤ እንቅልፉን ከመስበር ሌላ የሚያመጣው የለም። በጎኑ ሲሆን ጸጥታው በግልጽ ከቀነሰ ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ በዚሁ ይቀጥሉ። ልዩነት ካላዩ ይተዉት፣ እንደፈለገ ይተኛ። ልዩነት ቢያዩም ሕክምናውን አይተካም፤ ልጁ በሌሊት ደጋግሞ ይዞራልና።

አቆጣጠሩን በተመለከተ፣ ለአዋቂ የሚባለው 10 ሰከንድ ለልጅ አይሠራም። በልጅ ላይ የሁለት ትንፋሽ ያህል ጊዜ ከቆመ ተቋረጠ ይባላል። የ6 ዓመት ልጅ ተኝቶ በደቂቃ 20 ያህል ጊዜ ይተነፍሳል፤ አንዱ ትንፋሽ 3 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 6 ሰከንድ ጸጥታ ይቆጠራል።

ለሐኪሙ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር በስልክዎ የሚቀርጹት ቪዲዮ ነው። በዚያው የንጋት ሰዓት ሸሚዙን እስከ ጡቱ ገልበው፣ አፉ፣ አንገቱ፣ ደረቱና ሆዱ በአንድ ላይ እንዲታዩ፣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይቅረጹ። የሌላ ስልክ መብራት ወደ ግድግዳ ያብሩ፣ ፊቱ ላይ አይደለም። ድምፅ መግባቱን ያረጋግጡ። የሚፈለገው ይህ ነው፦ ድምፁ ጠፍቶ ሳለ ደረቱና ሆዱ ይንቀሳቀሳሉ? ደረቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሆዱ ወደ ላይ ይነሳል? ከአንገቱ ግርጌ ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ ይሰረጉዳል? ይህ መንገዱ መዘጋቱን ያሳያል። ደረትም ሆድም አብረው ቀጥ ካሉ ግን ችግሩ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላልና ያንን ለሐኪሙ ለይተው ይንገሩት።

ስለ ከፍታውም አንድ ነገር። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። በጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ እዚያ ጤነኛ ልጅ ላይ እንኳ ቆላ ካለችው ከሸዋ ሮቢት ልጅ ዝቅ ብሎ ይነበባል። መነሻው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ልጅ ደግሞ ትንፋሹ በተቋረጠ ቁጥር ኦክስጅኑ ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ሐኪሙ ሌላ ከተማ ያለ ከሆነ የምትኖሩበትን ቦታ ይንገሩት፤ ቁጥሩን ሲያነብ ይጠቅመዋል።

ቤት ውስጥ ከአስተኛኘቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚለወጠው ጭሱ ነው። የኩበትና የእንጨት ጭስ የአፍንጫን ውስጠኛ ሥጋ ያሳብጣል፤ በአፉ የሚተነፍስ ልጅ ደግሞ በእንቅልፉ አገጩ ይወርድና ምላሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። የልጁ መኝታ ምድጃው ካለበት ክፍል ይውጣ፤ ሌላ ክፍል ከሌለ እሳቱ ከጠፋና ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ ይተኛ። ፍም ያለበት ማንደጃ ክፍሉ ውስጥ አድሮ በር መዝጋት ደግሞ ለሁላችሁም አደጋ ነው፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም። አፍንጫው ከተደፈነ አፍልተው ያቀዘቀዙት አንድ ብርጭቆ ውሃ (250 ሚሊ ሊትር) ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ያልሞላ፣ ጨው ያሟሙ። ከመኝታ በፊት በየቀዳዳው ከ2 እስከ 3 ጠብታ፣ ከዚያ ይናፈጥ። በማግስቱ የተረፈውን ይድፉ። ቅቤ በአፍንጫ አይጨምሩ፤ ወደ ሳንባ ወርዶ የማይለቅ የሳንባ ምች ያመጣል። ዳማከሴ መጭመቅም ያበጠውን ሥጋ ማቃጠል ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታም ያለ ሐኪም አይሁን፤ ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል።

እንጥሉን በተመለከተ። እንጥል ከላንቃው መሐል የተንጠለጠለችው ትንሽ ሥጋ ናት። የልጅዎን መንገድ የምትዘጋው እሷ አይደለችም፤ ጥፋተኞቹ ከጎንና ከጎን፣ ከበስተጀርባም ያሉት ናቸው። ጉሮሮ ሲታመም እሷም አብራ ታብጣለች፣ ረዝማ ትታያለች፤ «ወረደ» የሚባለው ይኼ ነው፤ ሕመሙ ሲሻል ትመለሳለች። ሲቆርጧት ቁስሉ ያብጥና በጠባቡ ጉሮሮ ላይ ሌላ ጥበት ይጨምራል። ደሙ ቶሎ ላይቆም ይችላል፤ ምላጩ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያመጣ ይችላል። ማንኮራፋቱም በነበረበት ይቀጥላል። አማትዎን ለማሳመን ከከበደዎት የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ድረስ ይጥሯት፤ ከምራት አፍ ከሚሰሙት ከእሷ መስማት ይቀላቸው ይሆናል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ በጤና ጣቢያ ይጀምራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ከዚያ የሪፈር ወረቀት መያዙ ግድ ነው። የሚፈልጉት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው፤ ወደ ደብረ ብርሃን ከመውረድዎ በፊት ስፔሻሊስቱ በየትኛው ቀን እንደሚገኝ ያስጠይቁ። ክብደቱንና ቁመቱን ያስለኩ፤ በዚህ የሚሠቃይ ልጅ አንዳንዴ እድገቱ ይዘገያል። ሐኪሙ ቶንሲሉን ያያል፣ አዴኖይዱን በራጅ ወይም በቀጭን መመልከቻ ይፈልጋል። የቶንሲሉ መጠንና የሕመሙ ክብደት ሁልጊዜ እንደማይገጥሙ ይወቁ። ሌሊቱን ሙሉ በመሣሪያ የሚደረገው የእንቅልፍ ምርመራ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሌላ ሕመም ለሌለባቸው ብዙ ልጆች ታሪኩ፣ ምርመራውና ያ ቪዲዮ ለውሳኔ ያበቃሉ። ከ2 ዓመት በታች የሆነ፣ በጣም የወፈረ፣ ዳውን ሲንድረም ወይም የፊት አጥንት ጉድለት ያለበት ልጅ ግን ከቀዶ ሕክምና በፊት ምርመራው ይመከርለታል።

ቀለል ያለ ከሆነ በአፍንጫ የሚረጭ፣ እብጠት የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት ለተወሰኑ ሳምንታት ሊታዘዝለት ይችላል። ሲረጩ ጫፉ ወደዚያው ጎን ጆሮ ያዘንብል፤ ወደ መካከለኛው ግድግዳ ከተረጨ ነስር ያመጣል። ካልሆነ ቶንሲልና አዴኖይድ በቀዶ ሕክምና ይወጣሉ። በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ 464 ልጆችን ወስዶ ነበር፤ ከ7 ወር በኋላ የእንቅልፍ ምርመራቸው ጤናማ የሆነው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 79 ከመቶው፣ ሳይደረግላቸው በክትትል ከቆዩት ደግሞ 46 ከመቶው ነው። ሁለተኛውን ቁጥር አይተው ግን «ይጠበቅ» አይበሉ፤ ጥናቱ ኦክስጅናቸው ክፉኛ የሚወርድባቸውን ልጆች አላካተተም። የእርስዎ ልጅ ቁጭ ብሎ የሚተኛ፣ የሚያልበውና ሽንቱ ተመልሶ የሚያመልጠው ነው፤ ቶሎ መታየት ያለበት ነው እንላለን። እስከዚያው ስለ ሽንቱ አይቆጡት፣ አይቅጡትም። ለመምህሩም ይንገሯቸው፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ አዋቂ አይፈዝም፣ ይቅበጠበጣል።

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ አንድ ነገር ከወዲሁ ያቅዱ፤ ወዲያው ወደ መሐል ሜዳ አይመለሱ። ደም የሚፈስበት አስጊ ጊዜ የመጀመሪያው ቀንና ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ነው፤ ቅርፊቱ የሚላቀቀው ያኔ ነው። ደብረ ብርሃን ዘመድ ካላችሁ ሁለት ሳምንት እዚያ ይክረም። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከወገቡ ጀምሮ ከፍ ብሎ ይተኛ። እንቅልፍ ላይ ሆኖ ደጋግሞ ሲውጥ ካዩ፣ ደም እየዋጠ ሊሆን ይችላልና ቀስቅሰው አፉን በመብራት ይዩ፤ ትኩስ ቀይ ደም ካለ በጎኑ አድርገው ወዲያው ወደ ሆስፒታል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ፤ አስፕሪንና ኮዴይን አይሰጠው። ቆሎና ደረቅ ቂጣ ይቆዩ፤ ለብ ያለ አጥሚትና ውሃ ይብዛለት፣ ሳይጠጣ የዋለ ጉሮሮ ይበልጥ ያማል። በመጀመሪያው ሳምንት እብጠቱ ስላለ ማንኮራፋቱ ቢቀጥል አይደንግጡ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላም ካልተወው ያንኑ ቪዲዮ በዚያው ሰዓት ደግመው ይቅረጹና ይዘው ይመለሱ።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሌሊት የሚኬደው ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ነቅቶ ሳለም ሲተነፍስ ድምፅ እያሰማ የጎድን አጥንቱ ሥር ከተሰረጎደ፣ ወይም ትኩሳት ይዞት ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካዝረከረከ ነው። በዚህ በመጨረሻው ሁኔታ አፉን በማንኪያ ተጭነው ለማየት አይሞክሩ፤ ያስለቅሱትና መንገዱ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። አያስተኙት፤ እንደሚመቸው ቁጭ ብሎ፣ በእቅፍዎ፣ እንደዚያው ይውሰዱት።